የሳፋሪ ዕቁብ

መኪናዬ ቪትዝ ናት። ይህን የማወራው ለጉራ አይደለም፤ አዲስ አበባ ውስጥ ቪትዝ መንዳት ነጠላ እንደ መልበስ ነው። የማወራው የነገሩ ሁሉ ጠንሳሽ እሷ ስለሆነች ነው።

በ2016 ዓ.ም. ሚያዝያ ማለቂያ ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ከፊት ጎማዋ በኩል «ቋ! ቋ!» የሚል ድምፅ ስላመጣች ወደ ደንበኛዬ መካኒክ ወሰድኳት። መካኒኩ ከሥሯ ገብቶ ሁለት እግሩ ብቻ ይታያል። እኔ ያረጀ ጎማ ላይ ተቀምጬ ሻይ እጠጣለሁ። ተለማማጁ ልጅ ሥራውን ትቶ ስልኩ ላይ አፍጥጧል። አንገቴን ሰገግ አድርጌ ሳይ፣ አንዲት መኪና አቧራዋን እንደ ጋቢ ተከናንባ ከጉብታ ላይ ተነሣች፤ አራቱም ጎማዋ ከመሬት ለቀቀ፤ ከዚያ «ዷ» ብላ አረፈችና ምንም እንዳልተፈጠረ ተፈተለከች። ከመንገዱ ማዶ አንድ የሜዳ አህያ ቆሞ እንደ እኔው አፉን ከፍቶ ያያታል።

መካኒኩ ተንፏቆ ወጣና ስልኩን አየት አድርጎ፣ «ይቺ እኮ ያንተ መኪና ናት» አለኝ።

የሚያሾፍብኝ መስሎኝ ነበር። ነገሩ ግን እውነት አለበት። ቶዮታ በአገሩ ለዓመታት «ቪትዝ» እያለ የሸጣትን መኪና ለቀረው ዓለም በብዛት ያቀረባት «ያሪስ» ብሎ ነው። ስልኩ ላይ ያየነው የኬንያው ሳፋሪ ራሊ በ2021 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር (የውድድር ዓመታትን ሁሉ በእነሱ ነው የምቆጥረው) ወደ ዓለም ሻምፒዮና ከተመለሰ ጀምሮ ደግሞ ያን ጊዜ ድረስ አራቱንም ዓመት አንደኛ የወጣችው ያሪስ ናት። እርግጥ የውድድሯ ያሪስ ባለ 1.6 ሊትር ቱርቦ፣ አራቱም ጎማዋ የሚጎትት፣ ሆዷ ውስጥ የብረት አጥንት የተሠራላት ጉድ ናት። ከእኔዋ ጋር ያላት ዝምድና የሜዳ አህያው ከጉልት አህያ ጋር ያለው ዓይነት ነው። ቢሆንም ሥጋ ነው። ሒሳቤን ከፍዬ ስወጣ ቪትዜን ያየሁበት ዓይን ተለውጦ ነበር። የመጀመሪያውን የመንገድ ጉብታ ራሴን ረስቼ ስዘልባት ግን «ቋ» ተመልሳ መጣች።

መካኒኩ በማግስቱ ደወለ። «ራሊው የሚካሄድበት ናይቫሻ ሩቅ መስሎሃል እንዴ? ኬንያ እኮ ናት። ሰው ለማየት ከጃፓን ይመጣል፤ እኛ ጎረቤት ተቀምጠን በስልክ እናያለን?» አለ። እንዲህ ተጀመረ።

ከሳምንት በኋላ እኔ ቤት አምስት ሆነን ተሰበሰብን፦ መካኒኩ፣ የሰፈራችን ባንክ ሠራተኛ፣ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም፣ እኔና አንድ ጡረተኛ ሾፌር፤ ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው። አምስት ኢትዮጵያዊ ተሰብስቦ መጀመሪያ የሚያደርገው የት እንደሚሄድ መወሰን አይደለም፤ ሰብሳቢ መምረጥ ነው። ጋሼ በዕድሜያቸው ሰብሳቢ ሆኑ። ባንክ ሠራተኛው ገንዘብ ያዥ። መካኒኩ ቴክኒክ ኃላፊ። የባለቤቴ ወንድም ስላኮረፈ ምክትል ሰብሳቢ አደረግነው። ጸሐፊነቱን ማንም ስላልፈለገው ለእኔ ደረሰኝ። ተራ አባል የሚባል አልነበረንም። ቡናውን የምትቀዳው ባለቤቴ ከኮሚቴው ውጪ ነበረች። ይህ ስሕተት መሆኑን ለመረዳት ወራት ፈጅቶብናል።

ምክትሉ ሥልጣኑን በያዘ በአምስተኛው ደቂቃ ተቃውሞ አነሣ። እሱ የፎርሙላ ዋን ሰው ነው። «ከሄድን አይቀር አቡ ዳቢ! አቧራ ለመብላት ኬንያ ድረስ ምን አስኬደን፣ አቧራ እዚሁ አለ» አለ። የአቡ ዳቢው ያስ ማሪና ከ2009 ጀምሮ ውድድር የሚካሄድበት፣ ዙሩ 5.281 ኪሎ ሜትር የሆነ፣ ከአንድ ቦታ ቁጭ ብሎ መኪናዎቹ ደጋግመው ሲያልፉ የሚታይበት ሜዳ መሆኑን በቃሉ ወረደው። ልክ ነበር። ግን አቡ ዳቢ ዘመድ አለን፤ ለባለቤቴ የአክስት ልጅ በስልክ የድምፅ መልእክት ተላከላት። መልሷ በማታ መጣ። «እናንተ ልጆች፣ ገንዘብ ተርፏችኋል? ቪዛው አለ፣ ትኬቱ አለ፣ የሆቴሉን ዋጋ ደግሞ እኔ አልነግራችሁም። እኔ ይኸው አምስት ዓመቴ፤ በመስኮት በኩል ድምፁን እሰማለሁ። በጆሮዬ ነው የማየው።»

ኬንያ ለኢትዮጵያዊ ቪዛ አትጠይቅም። ለተራው ተመልካች ደግሞ ራሊን ብዙ ቦታ ሜዳ ላይ ቆሞ ለማየት ትኬት አይቆረጥም፤ ገንዘብ ያለው ድንኳን ውስጥ ወንበር ይገዛል፣ የሌለው ኮረብታ ይመርጣል። በዚያ ላይ ለአፍሪካዊ ሌላ ምርጫ የለም። ፎርሙላ ዋን አህጉራችንን ለመጨረሻ ጊዜ የረገጠው በ1993 ደቡብ አፍሪካ፣ ክያላሚ ላይ ነው። ከዓለም የራሊ ሻምፒዮና ውድድሮችም አፍሪካ ውስጥ ያለው ይኸው የኬንያው ብቻ ነው።

ክርክሩን የዘጉት ግን ጋሼ ናቸው። ጋሼ በወጣትነታቸው ፔጆ 404 ነድተዋል። ሳፋሪ በ1953 የእንግሊዟ ንግሥት ኤልሳቤጥ ዘውድ ስትጭን ለዚያ ክብር ተብሎ ኬንያን፣ ዩጋንዳንና ታንጋኒካን እያካለለ እንደተጀመረ እኔ ካነበብኩት አወራሁ። እሳቸው ትዕግሥታቸው አለቀና «ይሄን ተወውና መኪናውን ንገረኝ፤ በምን አሸነፉ?» አሉ። ነገርኳቸው። በ1962 ያሸነፈው ቮልስ ነው፤ ያ የምናውቀው፣ ጀርባው ላይ ሞተር የተሸከመ ቮልስ። በ1963፣ ከዚያም ከ1966 እስከ 1968 በተከታታይ፣ ፔጆ 404። ጋሼ ስኒያቸውን አስቀመጡ። «ማን? 404?» አሉ። «አዎ ጋሼ።» ወደ ጣሪያው አዩና «እኔ እኮ ደሴ ስደርስ የሚያጨበጭብልኝ ጠፍቶ ነው እንጂ...» ብለው ዝም አሉ። ከዚያ በኋላ አቡ ዳቢን ያነሣ የለም።

መካኒኩ ያመጣው የመጀመሪያ ዕቅድ በቪትዜ በሞያሌ በኩል መሄድ ነበር። ከአዲስ አበባ ናይሮቢ ሺህ አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። «አስፋልት ነው እኮ! እኔ አብሬ አለሁ፤ ብትበላሽ እዚያው እጠግናታለሁ» አለ። ባለቤቴ ጀበናውን እንደያዘች «ለገሐር እስክትደርስ ቋ ቋ የምትለዋ መኪና ናት ሞያሌ የምትደርሰው?» አለችው። የኮሚቴ አባል ስላልነበረች ቃለ ጉባኤው ላይ አልሰፈረም፤ ዕቅዱ ግን ወደቀ። በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ነው።

ቀጥሎ ገንዘብ። ከግንቦት 2016 እስከ የካቲት 2017 አሥር ወር፣ በወር አሥር አሥር ሺህ ብር ልንጥል ተስማማን። ዕጣ የሌለው፣ ለሁሉም በአንድ ቀን የሚደርስ ዕቁብ። ገንዘብ ያዡ ጳጉሜ ወር ናት አይደለችም የሚል ጥያቄ አንሥቶ አንድ ሙሉ ስብሰባ በላ። ዋናውን ጥያቄ ግን እሱ ራሱ፣ የባንክ ሰው ሆኖ ሳለ፣ አላነሣውም። ግንቦት ላይ በባንክ ተመን አንድ ብር ከሁለት የኬንያ ሽልንግ በላይ ይገዛ ነበር። መቶ ሺህ ብር ይዞ የሚሄድ ሰው ከሁለት መቶ ሺህ ሽልንግ በላይ ይዞ ይደርሳል ማለት ነው። እኛም በዚያ ሒሳብ ሆቴል መርጠን፣ የሳር ቤት ይሁን የሐይቅ ዳር ብለን ተከራክረን፣ የሐይቅ ዳሩን ወስነን ነበር።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ተመን በገበያ ይወሰን ተባለ። ከዚያ በኋላ ሦስተኛውን ዕቁብ ስንጥል የሐይቅ ዳሩ ሆቴል ቀረ። ስድስተኛውን ስንጥል የሳር ቤቱም ሄደ። መጋቢት 2017 ሲደርስ ብርና ሽልንግ አንድ ለአንድ ሊሆኑ ምንም አልቀራቸውም። ገንዘብ ያዡ ነገሩን በበጎ ጎኑ ለማየት ሞከረ፤ «ቢያንስ ለማስላት ቀላል ሆነ» አለ። እውነቱን ነው። የናይሮቢን ዋጋ ያለ ማሽን የሚያሰላ ተጓዥ መሆን የቻልነው ሀብታችን ግማሽ ስለሆነ ነው።

በዚህ መሐል አባላት መንጠባጠብ ጀመሩ። ገንዘብ ያዡ ፈቃድ ተከለከለ። ምክትል ሰብሳቢው ፓስፖርቱ የሚያበቃበትን ቀን አይቶ አያውቅም ነበር፤ ሲያይ አልፎበታል፣ አዲሱም አልደረሰለትም። ተስፋ ልቆርጥ ስል ጋሼ ያነበብኩላቸውን አስታወሱኝ። በ1963 ሳፋሪን ከጀመሩት 84 መኪናዎች መጨረሻ የደረሱት ሰባት ብቻ ናቸው። በ1968ም የደረሱት ሰባት ናቸው። «እኛ ከአምስት ሦስት ቀርተናል። በጣም ደኅና ነን» አሉ።

ወዲያው ደግሞ ዓይናቸውን ወደ ጀበናው መለሱ። «ይቺ ልጅ ለምን አትሄድም? ዕቁቡን ከወንድሟ ትረከብ» አሉ።

ባለቤቴ የመኪና ውድድር አትወድም። መኪናም ብዙ አትወድም። ግን ፓስፖርቷ ያልተበላሸ፣ ፈቃዷ ያልተነካ፣ ያለንበትን ትርምስም ለወራት ቡና እየቀዳች ያጠናች ሰው ናት። በማግስቱ ከልጃችን አንድ ባለ መስመር ደብተር ወስዳ ሽፋኑ ላይ «ናይቫሻ» ብላ ጻፈች። ከዚያም ወንበር ስባ «ንገረኝ፤ ቀኑ መቼ ነው?» አለችኝ።

«ከማርች 20 እስከ 23።»

«በእኛ?»

ዝም አልኩ። ጸሐፊው እኔ ነበርኩ፤ አሥር ወር ሙሉ በእኛ ስንት እንደሚውል ያሰላ አልነበረም። እሷ ጣቷን ቆጠረች። «መጋቢት 11 እስከ 14። ዓብይ ጾም ነው። ጋሼ ይጾማሉ፣ እኔም እጾማለሁ። ምን እንበላለን?» ጻፈች። «ስንት ሰዓት ነው የሚጀምረው?» መካኒኩ ከስልኩ ላይ አነበበላት፤ የቅዳሜው «08» ምናምን ይላል። «ስምንት ሰዓት፤ ምሳ በልተን እንደርሳለን» አለ። ቀና ብላ አየችው። «ይሄ በፈረንጅ ነው። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ማለት ነው። አንተ ስትደርስ እነሱ ጨርሰው ተጣጥበዋል።»

እውነት ለመናገር በሰዓት ጉዳይ ከኬንያ የሚቀርበን ሕዝብ የለም። የሰዓት ክልላችን አንድ ነው። ስዋሂሊ ተናጋሪም እንደ እኛው ቀኑን ከንጋት ይቆጥራል፤ ጠዋት «ሳ ሞጃ» ካለህ አንድ ሰዓት ማለቱ ነው፣ ፈረንጅ ሰባት የሚለውን። የራሊው ወረቀት ብቻ ነው በመካከላችን የገባው።

ቢጫ ወባ የመጣው በዚያው ምሽት ነው። ከእኛ አገር ኬንያ ለሚገባ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ያስፈልገዋል፤ ካርዱ ደግሞ የሚሠራው ከተከተቡ ከአሥር ቀን በኋላ ነው። መካኒኩ «እዚያ ስደርስ እከተባለሁ» ብሎ ነበር። ባለቤቴ ደብተሯን አየችና «በረራው በአሥራ አንደኛው ቀን ነው። ነገ ጠዋት ካልተከተብክ አንተም በስልክህ ታያለህ» አለችው። ሮጠ። ለአንድ ቀን ተረፈ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ስለ ራሊ ሳነብ አንድ ነገር ገባኝ። የራሊ መኪና ውስጥ ሁለት ሰው ነው ያለው። አንዱ ይነዳል፤ ሌላው ያነብባል። ከውድድሩ በፊት ሁለቱ «ሬኪ» የሚሉት አላቸው። በተራ መኪና፣ በተወሰነ ፍጥነት፣ እያንዳንዱን የውድድር መንገድ ሁለት ጊዜ ይመላለሱበታል። ሾፌሩ ያየውን ይናገራል፤ ይህ መታጠፊያ ቀኝ ነው፣ ይህን ያህል ይጠብባል፣ ከመቶ ሜትር በኋላ ጉብታ አለ፣ ከጉብታው ጀርባ ድንጋይ አለ። ረዳቱ ይጽፋል። በውድድሩ ቀን ሾፌሩ አቧራው ውስጥ ምንም ሳያይ የሚበርረው ያ ደብተር ሲነበብለት እየሰማ ነው። ረዳቱ አንድ መስመር ከዘለለ ሁለቱም ገደል ናቸው።

ይህን ጠዋት ለባለቤቴ ስነግራት «ታዲያ የማን ስም ነው የሚጠራው?» አለች። «የሾፌሩ» አልኳት። ሳቀች። እኛ አገር የተገላቢጦሽ ነው፤ ሚኒባስ ውስጥ የሾፌሩን ስም የሚያውቅ የለም፣ ረዳቱን ግን መንደሩ ሁሉ በስሙ ይጠራዋል። ላጽናናት ብዬ የሼካር ሜታን ነገር አነሣሁላት። ሜታ ሳፋሪን አምስት ጊዜ ያሸነፈ የኬንያ ሰው ነው፤ በ1973፣ ከዚያም ከ1979 እስከ 1982 በተከታታይ። ሚስቱ ኢቮን በሌሎች ራሊዎች ላይ አጠገቡ ተቀምጣ ደብተሩን ታነብለት ነበር። ባለቤቴ አሰብ አደረገችና «እሱ ግን ይሰማት ነበር ማለት ነው» አለች።

ጋሼን ከሁሉ በላይ ያስደሰታቸው የቅጣቱ ሕግ ነው። በራሊ እያንዳንዱ መኪና የሰዓት መቆጣጠሪያው ጋ በተመደበለት ደቂቃ መድረስ አለበት። አንድ ደቂቃ የዘገየ አሥር ሰከንድ ይቀጣል። አንድ ደቂቃ የቀደመ ግን ስድሳ ሰከንድ። ቀድሞ መድረስ ከመዘግየት ስድስት እጥፍ ያስቀጣል ማለት ነው። ጋሼ ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ። «እኔ ዕድሜዬን ሙሉ በዚህ ሕግ ነው የኖርኩት፤ የጻፈው ሰው እንዳለ ግን አላውቅም ነበር» አሉ። ከዚያ ወዲያ ለስብሰባ ሲያረፍዱ «አሥር ሰከንድ!» እያሉ ነው የሚገቡት።

ጉዞው ራሱ ከዕቅዱ በጣም አጭር ነው። ናይሮቢ ስንደርስ መኪናው ሁሉ በግራ ይሄዳል፤ መካኒኩ መንገድ ሊሻገር በለመደው በኩል ሲያይ ሁለት ጊዜ ከማታቱ ሥር አወጣነው። ማታቱ ማለት የእነሱ ሚኒባስ ነው፤ ቀለሙ፣ ዘፈኑና የረዳቱ ጩኸት ከእኛው በሦስት እጥፍ የሚበልጥ። ሁሉም ሰው በስልክ፣ በኤምፔሳ ነው የሚከፍለው፤ የተጠበሰ በቆሎ የምትሸጠው እናት ሳትቀር። ጋሼ እጃቸውን ዘርግተው የሽልንግ ኖት ሲያሳዩዋት ሙዚየም ያመጡባት ይመስል በአክብሮት አየችው።

ናይቫሻ ከናይሮቢ ዘጠና ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በታችኛው መንገድ፣ በማይ ማሂዩ ቁልቁለት ስንወርድ ከጥጉ ሥር አንዲት የድንጋይ ቤተ ጸሎት አለች፤ የጓዳ ያህል የምታንስ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተማረኩ ጣልያኖች ያንን መንገድ ሲሠሩ እንደ ፈረንጆች በ1942 የሠሯት ናት። ምሥራቅ አፍሪካ ላይ ከተማረኩት ውስጥ ብዙዎቹ ኬንያ ነው የታሠሩት፤ እኛ አገር መሣሪያቸውን ያስቀመጡም ነበሩባቸው። ጋሼ የመንገዱን ጥምዝምዝ አይተው «ጣልያን ተማርኮም መንገድ መሥራት አይተውም» አሉ።

ከቁልቁለቱ በታች ያለው አገር ደግሞ የእኛው ስምጥ ሸለቆ ነው። ዝዋይን የሚያውቅ ሰው ናይቫሻን ሲያይ ቤቱ የገባ ይመስለዋል፤ ሐይቁ፣ ግራሩ፣ ጉማሬው፣ እስከ ጥጉ ድረስ የተዘረጋው የአበባ እርሻ ላስቲክ። ልዩነቱ በዚያን ሳምንት ከተማዋ የሠርግ ቤት ሆና ነበር። የሆቴል ዋጋ የሚቀመስ አልነበረም። እኛ ግን ሆቴል አልፈለግንም። የባለቤቴ ደብተር ገጽ አራት ላይ «ድንኳን፣ ቀድሞ የተከፈለ» ይላል።

ማታ ማታ ከተማው በኛማ ቾማ ጢስ ይታጠናል። ኛማ ቾማ ጥብስ ነው፤ የፍየል ጎድን በፍም ላይ። መካኒኩ አፍንጫውን ወደ ጢሱ አቅንቶ «መንገደኛ ላይ እኮ ጾም...» ብሎ ጀመረና የጋሼን ዓይን ሲያይ ዋጠው። ደብተሩ ገጽ ስድስት ላይ መልስ ነበረው፤ ኡጋሊና ሱኩማ ዊኪ። ኡጋሊ ቅቤ የተከለከለ የበቆሎ ገንፎ ነው በሉት። ሱኩማ ዊኪ ጎመን ነው፤ የእኛው ጎመን። የስሙ ትርጉም «ሳምንቱን ግፋ» ማለት ነው፤ ደመወዝ እስኪደርስ ሳምንቱን የሚያስገፋ። ጋሼ ሲነገራቸው «ለእኛ ስምንቱንም ሳምንት ነው የሚገፋልን» ብለው ደገሙ።

ቅዳሜ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተነሣን። ወደ ኤልሜንቴታ ሐይቅ፣ ሶይሳምቡ ወደሚባለው ሜዳ። ጎሕ ሲቀድ ከፊታችን «የተኛው ጦረኛ» የሚሉት ኮረብታ ታየ፤ ግንባሩ፣ አፍንጫው፣ አገጩ ተለይቶ፣ በጀርባው የተንጋለለ ሰው ነው። በዙሪያችን ብርድ ልብስ የተከናነቡ፣ ፔርሙዝ የያዙ፣ ልጅ ያዘሉ የአገሩ ሰዎች ኮረብታውን ሞልተውታል። ልክ ጥምቀት ላይ እንደማደር ነው፤ ታቦቱ እስኪወጣ ሁሉም ሻይ ይጠጣል።

መጀመሪያ ሄሊኮፕተር መጣ። ከዚያ ከሩቅ የተናደደ ንብ ድምፅ። ከዚያ ዝም። ከዚያ ከጥምዙ ጀርባ አቧራ ብድግ አለ፤ ከአቧራው ፊት አንዲት ያሪስ። መሬቱ ሲንቀጠቀጥ በጫማዬ ሶል ተሰማኝ። ማርሚታዋ እንደ ጥይት ተንጣጣ፣ በጎን ተንሸራታ ታጠፈች፣ ከፊታችን አለፈች፣ ጠፋች። ከዚያ አቧራው ደረሰ፤ እንደ ሽሮ ዱቄት የላመ፣ ሙቀት ያለው፣ ጥርስ ሥር የሚንኮሻኮሽ። ማንም ማንንም አያይም። ከአቧራው ውስጥ የጋሼ ድምፅ መጣ። «ሰባት ሰከንድ» አሉ። ቆጥረው ነበር።

«አለፈ?» አለች ባለቤቴ።

«አለፈ።»

«ይሄ ነው?»

«ሌላ ይመጣል። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ።»

አዲስ አበባ የቀረው ገንዘብ ያዥ የውሏችንን ሪፖርት በቴሌግራም ሲቀበል ሒሳቡን ወዲያው ሠራው። ዋና ዋናዎቹ መኪናዎች አሥር ናቸው ብንል፣ ሰባት ሰባት ሰከንድ፣ ሰባ ሰከንድ። መቶ ሺህ ብር ለሰባ። «በሰከንድ 1,428 ብር ከምናምን ሳንቲም» ብሎ ላከ። መካኒኩ ለምላሽ የራሱን ፎቶ ላከለት። ከአቧራው የሚታየው ጥርሱ ብቻ ነው፤ ሁሉም ጥርሱ ይታያል።

እኔ ግን እስከ ዛሬ የማልረሳው ሰባቱን ሰከንድ አይደለም። ከሰዓት በኋላ ስንመለስ ዋናው መንገድ ላይ መኪና ተጨናንቆ ቆምን። የራሊ መኪናዎች ከአንዱ የውድድር መንገድ ወደ ሌላው ሲሄዱ ታርጋ ለጥፈው፣ እንደ ማንኛችንም የትራፊክ ሕግ አክብረው ነው የሚሄዱት። ከጎናችን አንዲቷ መጥታ ጎመን ከጫነ አይሱዙ ኋላ ቆመች። ጠዋት መሬት ያንቀጠቀጠች ጉድ አሁን ፓራውልቷ ተገንጥሎ በፕላስተር ታስሮ፣ ጭቃዋ ደርቆ፣ እንደ እኛው ወረፋ ትጠብቃለች። መካኒኩ በመስኮት ወጥቶ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። ሾፌሩ ፈገግ ብሎ እጁን አነሣለት። ጋሼም በሾፌር ደንብ፣ ሁለት ጣታቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው፣ ሰላምታ ሰጡት፤ እሱም መለሰ።

ረዳቱ ግን ቀና አላለም። ጭኑ ላይ ወረቀት ዘርግቷል፣ ሰዓቱን ያያል፣ በእርሳስ ምልክት ያደርጋል፣ ገጽ ይገልጣል። መኪናው ተነሥቶ እስኪሄድ ድረስ አንገቱን አላነሣም። ባለቤቴ በመስኮት ስታየው ቆየችና የራሷን ደብተር ጭኗ ላይ አስተካከለች። «አየኸው?» አለችኝ። «ሰው ቢያየው ሰላም እንኳ አላለም ይለዋል። እሱ ግን የሚቀጥለው መታጠፊያ ላይ ነው ያለው።»

እሑድ ኤልፊን ኢቫንስ አሸነፈ፤ በያሪስ፤ አምስተኛው ዓመት። ዜናው ሁሉ «ኢቫንስ» አለ። ባለቤቴ ከውጤት ሰሌዳው ላይ ከጎኑ የተጻፈውን ስም ፈልጋ ደብተሯ የመጨረሻ ገጽ ላይ ጻፈችው፤ ስኮት ማርቲን።

ሳፋሪን ለማየት የምታስቡ ካላችሁ ምክሬ አጭር ነው። ቢጫ ካርዳችሁን አስቀድሙ፤ ቀኑን በእኛ አቆጣጠር አስሉ፤ ዕቁባችሁን በብር ብቻ አትመኑ፤ ስካርፍ አትርሱ። ከሁሉ በፊት ግን ቡና እየቀዳ ዝም ብሎ የሚሰማችሁ ሰው ካለ ኮሚቴ ውስጥ አስገቡት።

ቪትዜ አሁንም ቋ ትላለች። አዲሱ ዕቁብ ተጀምሯል። ሰብሳቢዋ ባለቤቴ ናት፤ እኔ ተራ አባል ነኝ።